እንቅልፍ ያጣች መኪና

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2017

መኪናችን ዛሬ ሞተች። ጥምቀትን ሦስት ቀን ከደጅ ቆማ ነው የከረመችው። ላጲሶ ለጠዋቱ ሺፍት ሊወጣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረደና ወዲያው ተመልሶ መጣ፤ «በሩ አልከፈትም አለኝ» ብሎ። ቻርጅ አልቆባት ነው እንዳንል ሰማንያ ፐርሰንት ነበራት።

ለካ የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ ነው ያላት። ከሥር የተነጠፈው ትልቁ ነው የሚነዳት። ከፊት ኮፈኑ ሥር ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ አለች፤ በሩን የምትከፍተው፣ መብራቱን የምታበራው፣ ትልቁን ባትሪ «ተነሥ» ብላ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ትንሿ ከሞተች ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶም ምንም አይፈይድም።

ይህን ሁሉ ያስረዳችን ሪሀና የምትባል ልጅ ናት። ጃክሮስ ካለው የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዥ ነው የመጣችው፤ ላጲሶ ቁጥሯን ያገኘው ከሥራ ባልደረባው ነው። ሰማያዊ ቱታ፣ ከቱታው ጋር የሚሄድ ሰማያዊ ሻሽ። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ከሪሞቱ ውስጥ ቀጭን ቁልፍ መዝዛ አወጣች፤ ሰባት ወር ሙሉ በኪሳችን ይዘነው ስንዞር ውስጡ ቁልፍ እንዳለ የነገረን የለም። በሩን በሱ ከፈተች፣ ኮፈኑን አነሣች፣ ይዛ ከመጣችው ባትሪ ጋር በኬብል አገናኘች፤ መኪናዋ ፍሬቻዋን ብልጭ አድርጋ ነቃች። ላጲሶ አጨበጨበ። የአርባ ዓመት ሰው ነው።

አንድ ሰዓት አርፍዶ ሥራ ገባ። ጊዜው ደግሞ የሚረፈድበት አይደለም። ኤርፖርት ካርጎ የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል የሺፍት ኃላፊ ነው፤ ፈረንጆቹ የካቲት ሰባት ለሚያከብሩት የፍቅረኞች ቀን የሚላከው ጽጌረዳ በዚህ ወር በሱ እጅ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ሦስት ከሞላ ከኃላፊነቱ ይነሣል።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ላጲሶ ትንሿን ባትሪ ሊያስቀይር ከሥራ በቀጥታ ጃክሮስ ሄደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየ። አንድ ባትሪ ለመቀየር። እኔ መገናኛ በምሠራበት መነጽር ቤት በሁለት ሰዓት የስምንት ሰው ዓይን እመረምራለሁ።

ቤት ገብቶ ስልክ ሲያወራ ከወጥ ቤት ሰማሁት። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አላት፤ እየሳቀ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለእኔ እንዲህ ያለኝ መቼ ነው? የዘጠኝ ዓመት ትዳራችንን ወደ ኋላ ሄጄ ፈተሽኩ። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀቱን የታመመ ዕለት ብሎ ነበር፤ እሱንም ለነርሷ ነው መሰለኝ ያለው።

ስልኩ ላይ «ሪሀና ባትሪ» ብሎ መዝግቧታል። እኔ «ገንዘቤ» ነኝ። ገንዘቤ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዛሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኔ ላይ መኪናዋን ስንረከብ የሻጩ ሠራተኛ የመኪናዋን አፕ እኔ ስልክ ላይ ጭኖት ነበር፤ የላጲሶ ስልክ በስብከት ቪዲዮ ሞልቶ ቦታ አልነበረውም። ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። የሚገባኝ ነገር ቢኖር የመኪናዋን ሥዕል ስነካ ካርታ እንደሚመጣና ካርታው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ መኪናዋ ያለችበትን እንደምታሳይ ነው። አንድ ሳምንት ተጫውተንበት ረሳነው።

ከፈትኩት። አረንጓዴዋ ነጥብ ካርጎው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ተመስገን አልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለማረጋገጥ እንደገና ከፈትኩት።

ቅናት አይደለም። ሁለት ጊዜ ያመመውን ሰው የት እንዳለ ማየት አይከፋም፤ መኪናም እንደዚያው ነው። (አንድ ጊዜ ነው ያመማት። ለምን ሁለት እንዳልኩ አላውቅም።)

ማክሰኞ፣ ጥር 20

በሥራ ሰዓት አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር። ከፊደል ሰሌዳው ፊት ያስቀመጥኳቸው ሽማግሌ ሦስተኛውን መስመር አንብበው ጨርሰው ዝም ብለው ጠበቁኝ። በመጨረሻ «ልጄ፣ የኔን ዓይን ነው የምታዪው ወይስ ስልክሽን?» አሉኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ካርጎ ናት። ካርጎ ናት። አሁንም ካርጎ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረ ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነጥቧ ግራጫ ሆነች። ካርታውም ጠፋ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ምንም የለም።

አወቀብኝ፤ አጥፍቶብኛል። አንድ ሰው የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ለምን ያጠፋል?

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እሱ ራሱ ደወለ። «መኪናዋ እዚሁ ካርጎ ሞታ አገኘኋት። አዲሱ ባትሪ ሞተ። ሪሀና እየመጣች ነው።»

«እሷ መቼም አትጠፋም» አልኩት።

«ሥራዋ ነው እኮ» አለኝ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ወይም ሊገላገለኝ የፈለገ ሰው ድምፅ። ሁለቱን መለየት ድሮ እችል ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 26

ዛሬም ሞተች፤ ከደጃችን። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርን፤ መኪናዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ይህን በመስኮት ማየት ይቻል ነበር፤ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ ግን ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት እንደሄደች የሚያሳየውን ሰማያዊ መስመር ስልኬ ላይ ደጋግሜ ስከፍት ዋልኩ። ከጠዋት ጸሎት በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጅ ሳጥብ። ጃክሮስ ላይ መስመሩ ጥምዝ ብሎ ይቆማል። እሱን ጥምዝ ነው የማየው።

ሪሀና በማለዳ መጣች። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ እንዳለች «ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ነው እኮ፤ መሞት አልነበረበትም። ሬዲዮ ከፍታችሁ ትረሳላችሁ?» አለችው።

«ኧረ አንረሳም።»

ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ መኪናዋ ላይ የምትሰኪው ነገር አለ?»

«እኔ መንጃ ፈቃድም የለኝ፤ መኪናውን አልነካም» አልኳት። እውነቴን ነው።

ጋሼ ትለዋለች። እኔን አታታልለኝም። ለጋሼ ያን ያህል አይሳቅም። ሙስሊም ናት፣ እኛ የጌታ ነን፣ የማይሆን ነገር ነው እላለሁ፤ ደግሞ ልብ መቼ ሃይማኖት ጠይቆ ያውቃል እላለሁ። ከሁሉ የባሰችው ልጄ ናት። ሮዳስ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ስትባል ዶክተር ትል ነበር። ዛሬ ሰማያዊ ቱታ ግዙልኝ ብላ ስታለቅስ አረፈደች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

የቤት ኅብረታችን መሪ እትዬ ፈለቀች የላጲሶን ነገር ሲሰሙ «ይህ ዝም ብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ውጊያ ነው» አሉ። ጸሎቱን ሳሎን አቋርጠን ዘጠኝ ሰው ሆነን ወረድን። ኮፈኑ ላይ እጃችንን ጫንን። የግቢው ጥበቃ ሙሽራ የምንመርቅ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

«በዚህ ቤት እንጀራ ላይ የተነሣህ፣ ይህን ልጅ ከሥራው የምታስቀር፣ ተጋለጥ። ከተደበቅክበት ውጣ» አሉ እትዬ ፈለቀች፤ ድምፃቸው እስከ ሦስተኛው ብሎክ ይሰማል።

ከሁሉ አስበልጬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ እጄ ኮፈኑ ላይ ነበር፤ በሌላው ስልኬን ይዣለሁ። በልቤ የነበረው ሰማያዊ ቱታ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 2

ሪሀና ትናንት ማምሻውን ባትሪውን እንደገና ቀየረችለት፤ ዋስትና ስላለው በነጻ። «አለቃዋ ተቆጣት፤ በደንብ አልገጠምሽውም እያለ ነው» አለኝ ላጲሶ፤ አዝኖላት።

ስለ አለቃዋ የሚያወሩት መቼ ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከሥራ ወጥቶ ጃክሮስ። «ላስመረምራት ነው» ብሎኛል።

ቆማለች።

ቆማለች። ሃምሳ ደቂቃ።

ቤት ገባ። ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ ምንም አይልም። ተኛ። እኔ መስመሩን እያየሁ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥርም፤ ብቆጥር ይከፋኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሦስተኛው።

ሞታ አገኛት። ሪሀናንም አልጠበቀ፤ በእግሩ እየሮጠ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። እኛ በምንኖርበት ሰሚት በዚያ ሰዓት የሚገኘው ታክሲ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። አንድ ሰዓት ተኩል አረፈደ። የማቀዝቀዣው ርክክብ የሚጀመረው በሱ ፊርማ ነው፤ ሁለት የጭነት መኪና ጽጌረዳ ውጭ ቆሞ ጠበቀው። አውሮፕላኑ ግማሹን ጥሎት ሄደ።

ቤት ሲገባ ጫማውን አላወለቀም። የኃላፊነት ባጁ የነበረበትን ደረቱን ሁለት ጊዜ ዳበሰ። «አነሡኝ» አለ። «ከነገ ጀምሮ ካርቶን ቆጣሪ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አርፍጄ አላውቅም ነበር።»

አንድ ሚስት እዚህ ላይ የምትለው ነገር አለ። እኔ ምን አልኩ? «ያቺ ልጅ ናት። እንድትመላለስ ብላ ባትሪውን እያወቀች የምታበላሸው እሷ ናት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ገንዘቤ፣ ምን ሆነሻል?»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አልተነጋገርንም። ሮዳስ ብቻዋን ስታወራ ዋለች።

ካርጎ ናት። ካርቶን ለመቁጠርም ቢሆን ካርጎ ናት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዛሬ የምሳ ሰዓቴን ይዤ ጃክሮስ ሄድኩ። የምላትን ከመገናኛ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ስደረድር ነበር። «እህቴ፣ ትዳር አለኝ፣ ልጅ አለችኝ» ብዬ ልጀምር፤ ከዚያ ወደ ኃይለ ቃሉ ልገባ።

ሪሀና ስታየኝ ከአንድ ነጭ መኪና ሥር ወጣች። እጇን ጠርጋ ወንበር ሰጠችኝ። አፌን ሳልከፍት «መምጣትሽ ጥሩ ነው፤ እኔም ልደውልልሽ እየፈራሁ ነበር» አለች። ላፕቶፗን አዞረችልኝ። «ሰኞ ዕለት ከመኪናችሁ ያወረድኩት ነው። ይሄ እያንዳንዱ መስመር መኪናዋ ከተኛችበት የነቃችበት ሰዓት ነው። መኪና ሲቆም መተኛት አለበት፤ ባትሪው የሚቆየው ያኔ ነው። የናንተ አትተኛም። ጥር ሃያ አምስት፣ እሑድ ዕለት ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተቀስቅሳለች።»

«ማን ቀሰቀሳት?» አልኳት።

«ስልክ። በአፑ አንድ ሰው መኪናዋ የት እንዳለች በጠየቀ ቁጥር ትነቃለች፤ መልስ ሰጥታ እስክትተኛ ብዙ ደቂቃ ትቆያለች። የምታነቃት ደግሞ ትንሿ ባትሪ ናት። ጋሼን አፑ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ስልኬ ቦታ የለውም አለኝ።»

ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር። ተከፍቶ ነበር። ጎንበስ ብላ አላየችውም፤ ማየትም አላስፈለጋት።

የሰዓቱን ዝርዝር አነበብኩ። ከጠዋት ጸሎት በፊት። ከምሳ በኋላ። ልጅ ሳጥብ። የኔ እሑድ ነው፤ ደቂቃ በደቂቃ ተጽፎ።

«ለሱ አልነገርኩትም» አለችኝ። «የባልና ሚስት ነገር ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ባትሪ ብቻ ነው። ግን እህቴ፣ አለቃዬ ሁለት ባትሪ አበላሽተሽብኛል ብሎ የወሩ መጨረሻ ላይ ሊያሰናብተኝ ነው። መኪናዋን ማን እንደሚቀሰቅሳት ካልነገርኩት አያምነኝም፤ ብነግረው ደግሞ መጀመሪያ የሚደውለው ለጋሼ ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ልጅቷ እኔን ስትሸፍን እንጀራዋ ሊሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ ልሰድባት ነው የመጣሁት።

ከመነሣቴ በፊት ግን አላስቻለኝም። «ያን ረቡዕ ሁለት ሰዓት የቆየው ለምንድን ነው?» አልኳት። እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ።

ቅር አላላትም። ወደ ጥጉ ወንበር ጠቆመችኝ። «ያቺ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነው። የአበባ ሰሞን ነው፣ ደክሞታል፤ ልቀሰቅሰው አሳዘነኝ።»

እሷ አልቀሰቀሰችውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አፑን ያኑ ዕለት አጠፋሁት። አምስት ቀን ሆነ፤ መኪናዋ በየጠዋቱ አንዴ ሲነኳት ትነሣለች። ላጲሶ «ጸሎት ነው» ይላል። እትዬ ፈለቀች ትናንት ደውለው «ተጋለጠ፣ ወጣ» አሉኝ። «አሜን» አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዛሬ ልነግረው ነበር። እራት ላይ። ከዚያ ሮዳስ ሳል ጀመራት። ትናንትም ልነግረው ነበር፤ ትናንት ምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ።

ብነግረው የሚያጣው ምንድን ነው? ኃላፊነቱን አጥቷል። የሚያጣው እኔን ነው፤ ማለቴ እኔ ናት ብሎ ያገባትን። ባልነግረው ሪሀና ሥራዋን ታጣለች። ይህን እያወቅኩ አምስት ቀን በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዘመርኩ።

አሁንም እቀናለሁ። ይሄንንም ልጻፈው። አሁን የምቀናው ግን በሌላ ነው። ያቺ ልጅ ያላትን ትዕግሥት እኔ ዕድሜ ልኬን አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ኅብረቱ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ነበር። የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ ላጲሶ ተነሣ። «ሥራዬን ገና አልመለሱልኝም፤ መኪናችን ግን ተፈውሳለች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አልሞተችም። እጃችሁን የጫናችሁባት ጌታ ይባርካችሁ።» ሁሉም አጨበጨቡ። እትዬ ፈለቀች ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ገንዘቤም ትመስክር። ሴት ልጅ የቤቷን ድል ስትናገር ደስ ይላል።»

ተነሣሁ። እኛ ዘንድ ሲመሰከር የሚባለው ይታወቃል፤ ጌታ እንዲህ አደረገልኝ ብሎ ይጀመራል፣ ክብር ለስሙ ይሁን ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም አልመጡልኝም።

«ውጣ ብለን የጸለይንበት እኔ ነኝ» አልኩ። «ላጲሶ የት እንዳለ ለማየት መኪናዋን በስልኬ ቀን ሙሉ ስቀሰቅሳት ነበር። ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ከኃላፊነቱ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ያቺ ጋራዥ የምትሠራው ልጅ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ከሥራ ልትባረር ነው።»

አንድ ወንድም ልማድ ሆኖበት «ሃሌሉያ» አለ። ወዲያው አፉን ያዘ።

ላጲሶ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወረደ። በመስኮት አየሁት፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ ተቀመጠ። እትዬ ፈለቀች ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝና «ሂጂ ውረጂ» አሉኝ።

አጠገቡ ቆምኩ። ወደ እኔ አልዞረም።

«ስንት ጊዜ?» አለ።

«አንዳንድ ቀን መቶ። ከመቶም በላይ።»

«መቶ ጊዜ» አለ። እንደ ካርቶን ቆጠረው። «መቶ ጊዜ መኪናውን ከምትጠይቂ አንድ ጊዜ ደውለሽ የት ነህ ብትዪኝ እነግርሽ ነበር እኮ።»

«በሩን ዝጋው፤ መብራቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል» አልኩት። ዘጋው፤ አስነሣት፤ ከግቢ ወጣ።

እንግዶቹ ሄዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ሮዳስ «አባዬ የት ሄደ?» አለች። ስልኬን አወጣሁ። የአፑ ቦታ ባዶ ነው፤ አውራ ጣቴ ግን መንገዱን ስለለመደ ሄዶ ባዶው ላይ አረፈ። አነሣሁትና ደወልኩ።

ሦስት ጊዜ ጠራ። አነሣው።

«የት ነህ?» አልኩት።

«ጃክሮስ።»

ያ የማውቀው ቅናት ተነሣብኝ። ከጀርባው የሪሀና ድምፅ ይሰማኛል፤ የአንድ ሌላ ሰውዬ ድምፅም አለ፤ እየተቆጣ ነው። ዋጥ አደረግኩት። በቶሎ ይለቀኛል ብዬም አላስብም፤ ምናልባት ዕድሜ ልኬን ስውጠው እኖራለሁ።

«ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም ብዬ ለአለቃዋ እየነገርኩት ነው» አለኝ ላጲሶ። «እኔን አያምነኝም፤ ለሷ ብለህ ነው ይላል። ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ስልኩን ልስጠው?»

ሮዳስ ቀሚሴን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ስጠው» አልኩት።